ጋዜጣ የለበሰው ግድግዳ

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት፣ ፉሪ ያለውን የቤቴን በር ስከፍት ዝናብ የነካው የጤፍ ጭድ ሽታ ተቀበለኝ። ከሰፈራችን በታች ያለ አንድ ገበሬ ክረምቱ ሳይጠና በረቱን ልመርግ ብሎ አፈርና ጭድ ለውሶ ጉድጓድ ውስጥ አቡክቶ ኖሮ፣ ሽታው ሽቅብ እየመጣ ሰፈሩን ሞልቶታል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ምን ሞቶ ነው አለችኝ። ምንም አልሞተም። እኔ ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ በልቤ ሰበታ፣ የጅማ መንገድ ዳር ካለችው ከድሮ ቤታችን ገብቼ ነበር። የቦካ ጭቃ ለሌላው ሰው ይገማል፤ ለእኔ ግን የተረፈ ቤት ሽታ ነው።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ አቶ ተሰማ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከመንዝ መጥቶ ሰበታ ሲመደብ አንዲት የሳር ክዳን ቤት ገዛ፣ እናቴንም ያገባው፣ እኔንም የወለደኝ እዚያችው ቤት ውስጥ ነው። ቤቷን በእጃቸው የሠሯት ደግሞ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ነበሩ። ኦቦ ደበላ ገበሬ ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈር እሳቸው ያላቆሙት ቤት አልነበረም። ዛፍ አይተው ስንት ዓመት እንደሚቆም ይናገሩ ነበር፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ሲያወሩ ደግሞ እጃቸው ሁልጊዜ የሆነ ግድግዳ ይዳብስ ነበር።

አባቴ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ኩራቱ ብቻ ከቁመቱ ትንሽ ትረዝም ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በሳር ቤት መኖር አላስችለው አለና፣ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በጥር ወር ሳሩን አስገፍፎ፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣው አናጢ ቆርቆሮ አስመታ። አናጢው ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብሎ የጣሪያውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር እኩል አድርጎ ጨረሰው። ያን ቀን ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ የሚያብረቀርቀውን ጣሪያ ሲያደንቅ፣ ኦቦ ደበላ አጥሩን ተደግፈው የጣሪያውን ጫፍ አዩና «አቶ ተሰማ፣ ሳሩ እኮ ለግድግዳው ጋቢው ነበር፤ ይሄ ቆብ ነው። ትከሻውን ዝናብ ይበላዋል» አሉ። ሰው ሳቀ። አባቴ ሰው የሳቀበት መሰለውና፣ እሳቸውን ሳያይ ለአናጢው ጮክ ብሎ፣ ሳር ሲከድን የኖረ ሰው ስለ ቆርቆሮ ምን ያውቃል አለው። ኦቦ ደበላ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል ሰላምታ ቀረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ግን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ቤቱ ውስጥ መነጋገር ስለማይቻል፣ እናቴና አባቴ በምልክት ሲግባቡ እያየሁ እስቅ ነበር፤ አባቴም ጣሪያውን ሽቅብ እያየ፣ ልክ እሱ ያዘነበው ይመስል፣ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ውሃው ግን ከጣሪያው ጫፍ በቀጥታ ግድግዳው እግር ሥር እየወረደ፣ ጭቃውን እየረጨ፣ ግድግዳውን እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀይ ያደርገው ነበር። ነሐሴ ላይ ከእናቴና ከአባቴ አልጋ ኋላ፣ ወደ ዳገቱ በሚያየው ግድግዳ፣ ምጣድ የሚያህል ርጥበት ወጣ። እናቴ መዳፏን አስነክታ ለአባቴ አሳየችው። እሱም ይደርቃል አላት።

ጳጉሜ ሲመጣ በእኛ አገር ግድግዳ በጋዜጣ ይለበጥ ነበር። ትልቅ ትንሹ ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ሲያሰናዳ ዱቄት በውሃ አፍልቶ፣ ያንን እየቀባ፣ የለቃቀመውን ጋዜጣ ይለጥፋል፤ አቧራ ይይዛል፣ ብርድ ይከላከላል፣ ቤትም ያሳምራል። አባቴ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚሠራ ነውና የጋዜጣ ሀብታም ነበር። በርጥበቱ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ድርብ ለጠፈበትና እጁን አራግፎ ተመልሶ አየው፤ ርጥበቱ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ጋዜጣው ቡናማ ሆኖ ሲያብጥ በላዩ ሌላ ለጠፈ። በሦስተኛውም እንዲሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አባቴ ይህን ተረት ለባለ ጉዳይ ሁሉ ይናገር ነበር፣ ቤቱ ሲገባ ግን ይረሳዋል።

እኔማ በዚያ ግድግዳ ተጠቅሜያለሁ፤ ፊደል የለየሁት እዚያ ላይ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እሷ የለጠፈቻቸው ገጾች ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ነበርና፣ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ራሴን ወደ ታች አንጠልጥዬ ሳነብ ደሜ ፊቴ ላይ ይሰበሰብ ነበር። እስከ ዛሬ ገልብጠው የሰጡኝን ወረቀት ሳላዞረው አነባለሁ፤ ልጆቼ ይገረማሉ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስውል፣ ያበጠውን ጋዜጣ በጣቴ መጫን ለመድኩ። ተጭኖ ይመለሳል፣ ደስ ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ጣቴ ዘልቆ ገባ። ከጋዜጣው ኋላ ጭቃ አልነበረም፤ ጭቃው ተሸርሽሮ ወርዶ፣ በማገሮቹ መካከል የብርሃን ቀዳዳ ተከፍቷል። በድንጋጤ ጣቴን አወጣሁና ዓይኔን አስጠጋሁ። ከውጭ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ኦቦ ደበላ ናቸው። ከዳገቱ ወደ ቤታችን የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመለሱ ወደ ወንዙ ይሰዱታል፤ የተደፈነውን ይጠርጋሉ፣ አፈሩን ወደ እኛ በኩል ይደለድላሉ። አባቴ ቢሮ ነው። ቀና ሲሉ ቀዳዳው ላይ ዓይኔን አዩ። ሳቅ አሉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔም ቀዳዳውን በቁራጭ ጋዜጣ ሸፈንኩት። መናገር አልፈልግም ነበር፤ አንደኛ ቃል ገብቻለሁ፣ ሁለተኛ ግድግዳ የበሳ ልጅ ምን እንደሚያገኘው አውቃለሁ። በዚያ ክረምትና በሚቀጥለው ክረምት፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ ባደረ ቁጥር አባቴ ሲወጣ ቁራጯን ገለጥ አድርጌ አያቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ እናቴ ወንድሜን ወለደች። አራስ ናትና ክርስትና እስኪነሣ፣ እስከ አርባ ቀን ድረስ፣ ደጅ አትወጣም፤ አልጋዋም እዚያው ርጥበት ያለበት ግድግዳ ሥር ነበር። ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሊቀደድ የደረሰ መሰለን። ሲያባራ ግን ሌላ ድምፅ ሰማን፤ እንጨት የሚያቃስት ዓይነት። ግድግዳው ወደ ውጭ ዘመመ፤ ከላይ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ታየ፣ ጋዜጣውም ከጥግ እስከ ጥግ ተተረተረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት እንዲህ ነው፤ ሦስት ዓመት ስንስቅ ኖረን ቤታችን ሊወድቅብን ነው።

አባቴ አልጋውን ከነእናቴ ወደ ማዶው ጥግ ጎተተ። ጎረቤት ቤት እንውሰድሽ ቢላት እናቴ፣ ልጄን ክርስትና ሳላስነሣ ጣራ የሌለው ቦታ አላሻግርም ብላ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ጥጉ ዞረች። እሷ እንቢ ካለች እንቢ ናት። አባቴ ወደ ዘመመው ግድግዳ ተመልሶ የተቀደደውን ጋዜጣ ሲያነሣ የኔን ቀዳዳ አገኘው። «ይሄን ማን ነው የበሳው?» አለ።

ቤቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። በዚያች ጣት። እናቴና የተወለደው ወንድሜ በኔ ምክንያት ሊሞቱ ነው ብዬ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መብሳቴን፣ ማየቴን፣ ኦቦ ደበላ ዝም በይ ማለታቸውን፣ ውሃውን ሲመልሱልን መክረማቸውን። አባቴ የያዘውን ጋዜጣ ለቀቀው። ቀስ ብሎም፣ መቼ ነው የሚመጡት አለኝ። «ሁልጊዜ» አልኩት፣ «አንተ ቢሮ ስትሄድ።»

ያለ ጃንጥላ ከቤት የማይወጣው አባቴ ባዶ ራሱን ወጣ። የበረዶው ውሃ ቁርጭምጭሚቱን እያለፈው፣ በአጥሩ በኩል ሳይሆን ዞሮ በደጃፋቸው ሄደ። እዚያ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙም አልቆየም። ሲመለስ ኦቦ ደበላ የዝናብ ገሳቸውን ደርበው፣ በትከሻቸው ሁለት ባላ ተሸክመው ከኋላው ነበሩ፤ አንዱን ባላ አባቴ ሊቀበላቸው ሲል አልሰጡትም።

ገብተው መጀመሪያ ግድግዳውን አላዩም። አልጋውን ከሚጋርደው መጋረጃ ጋ ቆመው «ብርቄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት እናቴን። ልትነሣ ስትል ደግሞ «ተኚ። አንቺ አትነሺም፣ ቤቱ ነው የሚነሣልሽ» አሏት። ባላዎቹን ከጣሪያው እንጨት ሥር አስገብተው በድንጋይ እያጠበቁ ጣሪያውን በገዛ እግሩ አቆሙት፤ ያን ጊዜ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች።

በማግስቱ ሰባት ሰዎች መጡ። እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ጅጊ ይሉታል፤ ኦቦ ደበላ ጠሩ ማለት ደግሞ ማንም አይቀርም ማለት ነው። ፍልሰታ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ለአራሷ በሚነኮረው ገንፎ ላይ ቅቤው ሲቀልጥ እየሸተታቸው፣ ዘንድሮስ ወንድ መሆናችን ጎዳን እያሉ ይቀልዱ ነበር። እንደዚያ ያለ ሥራ ያለ ዘፈን አይሠራም፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሕፃኑ እንዳይደነግጥ ብለው አራት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ሠሩ። መጥረቢያው ሲያርፍ እንኳ ቀስ እያደረጉ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ክብር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ኦቦ ደበላ ጋዜጣውን መላጥ ሲጀምሩ ድርቡ እንደ ቁርበት ወፍሮ በአንድ ላይ ወጣ። ከላዩ የአምናው ዜና፣ ከሥሩ የካቻምናው፣ ከዚያም ሥር ሻጋታ። ማንበብ ስለማይችሉ «ኮቱ፣ ነይ እስቲ፣ ምን ይላል?» ብለው ጠሩኝና እኔም እያለቀስኩ አነበብኩላቸው፤ ስለ አንድ ድልድይ ምረቃ ነበር። ውሃ ጠጥቶ የረጠበውን ወረቀት በእጃቸው መዘኑና «ይሄን ሁሉ ወሬ ተሸክሞ ግድግዳው በምን ይተንፍስ?» አሉ። አባቴ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የግድግዳውን ቋሚ ሲነቀንቁት እንደ ረጠበ ዳቦ እጃቸው ላይ ፈረሰ፣ ሳቁም ቆመ። ግድግዳውን ያቆመው እንጨት ሳይሆን ልማድ ነበር።

አሥራ አንድ ቋሚ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ዝናብ ደረቅ ጥድ ከየት ይመጣል? ከኦቦ ደበላ ጓሮ መጣ። ለበኩር ልጃቸው የሠርግ ቤት ብለው ቆርጠው ሁለት በጋ ያደረቁት ነበር። እያንዳንዱን እንጨት፣ መሬት የሚገባውን እግሩን በእሳት ለብልበው፣ ከሥሩ ድንጋይ ጠርበው አስገብተው፣ አንድ በአንድ ተከሉት። ጭቃ ግን በክረምት አይመረግም አሉ፤ አይደርቅም፣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። እስኪበጋ ድረስ ያ ወገን በሰሌንና በቁርበት ተከልሎ ከረመ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቁርበቱ ይደበድበን ነበር፤ ግን አልበረደንም። ወይም በርዶን ረስቼዋለሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ሰዎቹ ሄደው ሁለቱ ብቻ ግንድ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስት ቀን ሙሉ ሊል ፈልጎ ያልቻለውን አለ። «ኦቦ ደበላ፣ እኔ ሰላምታ እንኳ ከልክዬዎት፣ ውሃውን ለምን መለሱልኝ?»

እሳቸው ጢማቸውን አሹ። «እኔ የተጣላሁት ካንተ ጋር ነው እንጂ ከቤቱ ጋር መች ተጣላሁ? ደግሞ ውስጡ ልጅ አለ።»

አባቴ ፊቱን በነጠላው ጫፍ ሸፈነ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀንና እናቱ የሞተች ቀን ብቻ ነው። ከመጋረጃው ኋላ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ እኔማ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ አውቅ ነበር አለች። አባቴ ብድግ ብሎ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ቢላት «ብነግርህ ቦዩን በእልህ ትደፍነው ነበር» አለችው። ኦቦ ደበላ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ሕፃኑም ነቃ።

እኔም ተጠግቼ ቃሌን በማፍረሴ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ራሴን ዳበሱኝና፣ ዝም ማለትም ጊዜ አለው፣ መናገርም ጊዜ አለው፣ አንቺ ሁለቱንም በጊዜው አደረግሽ አሉኝ። ቤቱን ያፈረስኩት እኔ እንዳልሆንኩ ያመንኩት ያኔ ነው። ምን ያህል እንደቀለለኝ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይሰፋል።

ጳጉሜ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሜ ክርስትና ተነሣ። የክርስትና አባቱ ኦቦ ደበላ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ አባቴና እሳቸው አበልጆች ናቸው፣ አባቴም ከቢሮ ሲመለስ መጀመሪያ በእሳቸው ደጃፍ ነበር የሚያልፈው። በዚያ እንቁጣጣሽ ቤታችን ጋዜጣ አልለበሰም። እኔ ብቻ የማነበው አጣሁ ብዬ ስላኮረፍኩ፣ ደረቁ ግድግዳ ላይ፣ ከራስጌዬ በላይ፣ አንዲት ገጽ ተፈቀደችልኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጭቃና ጭድ ተለወሰ። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲቦካ ሽታው እስከ ገበያው ይደርስ ነበር፤ እኛ ልጆችም ባዶ እግራችንን ገብተን እየረገጥነው፣ ጉልበታችን ድረስ እየሰመጥን፣ በጥቅምት ፀሐይ እንጮህ ነበር። አሁን መዝፈን ይቻላልና ሰዎቹም በክረምት ያስቀሩትን ዘፈን ሁሉ በአንድ ቀን ጨረሱት። እናቴ ወንድሜን አዝላ ወጥታ የመጀመሪያዋን ጭቃ በእጇ መረገች። አባቴ ቆርቆሮ ጨምሮ፣ ኦቦ ደበላ እንጨቱን አርዝመው፣ ቤቱ ዙሪያውን ታዛ ወጣለት። ሲጨርሱ ኦቦ ደበላ ራቅ ብለው አዩትና «አሁን ጋቢውን ለበሰ» አሉ። ከዚያ በኋላ በየሰኔው ቦዩን ሁለቱ አብረው ይጠርጉ ነበር፣ ኦቦ ደበላ ዶማ ማንሣት እስኪያቅታቸው ድረስ፣ ከዚያም አባቴ ብቻውን የሁለቱንም ድርሻ።

ያቺ ቤት ዛሬም አለች፣ ወንድሜ ይኖርባታል። ግድግዳዋ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ጥዶቹ ግን ከውስጥ ቆመዋል። የኔ የፉሪ ቤት ብሎኬት ነው፤ ጭቃ የለው፣ ጭድ የለው። ድሮ በጭቃው ግድግዳ ጎረቤት ሲያስል ይሰማን ነበር፤ አሁን አጥራችን ላይ ጠርሙስ ተሰክቶ፣ ከእኔ ዝቅ ብለው ካሉት ወጣት ባልና ሚስት ጋር በአጥር ወሰን ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ሁለት ዓመታችን ነው። ኩራት በዘር ይወረሳል መሰለኝ። የእነሱ ግድግዳ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ እንደወዛ ከሰገነቴ አየው ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ በላዩ ቀለም ቀቡበት። የሚወርድባቸው ጎርፍ ደግሞ በኔ ደጅ አልፎ የሚሄደው ነው።

ያን ጠዋት የጭድ ሽታው እንደሸተተኝ ወደ ቤት ተመልሼ ዶማ ፈለግሁ። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ብዙ አረፍኩ፣ ትንሽ ቆፈርኩ። ውሃው ዞሮ ወደ መንገዱ ቦይ ሲገባ ቀና ብዬ ሳይ፣ የታችኞቹ ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ መስኮቱን ከፈት አድርጋ ታየኛለች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁላት። እሷም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።